ዊኒፍሬድ አትዌልና ሌላው ፒያኖዋ

ፒያኖው የተገዛው ደቡብ ለንደን፣ ባተርሲ ከሚባል ሰፈር፣ ከአንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ነው። የተከፈለበት 50 ሽልንግ፣ ሁለት ፓውንድ ተኩል መሆኑ ነው። ቅኝቱ የተዛነፈ፣ ድምፁ የሚንቃጨል፣ መጠጥ ቤት ጥግ ላይ ዕድሜውን የፈጀ የሚመስል የቁም ፒያኖ ነበር። ይኸው ፒያኖ ኋላ በአውሮፕላን እየተጫነ ከባለቤቱ ጋር ዓለምን ዞረ፤ ላስ ቬጋስ ደረሰ፣ ሲድኒ ኦፔራ ሃውስ መድረክ ላይ ቆመ። ባለቤቱ ዊኒፍሬድ አትዌል ትባላለች፤ የትሪኒዳድ ልጅ፣ በ1950ዎቹ እንግሊዝን ያስጨፈረች የራግታይም ፒያኒስት። ራግታይም ጥቁር አሜሪካውያን የፈጠሩት የፒያኖ ሙዚቃ ነው፤ አንዱ ዜማ ራግ ይባላል። (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ስለ ራግታይም የሚጻፍ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከአሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ከስኮት ጆፕሊን ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ያልቃል። ይገባዋል። በ1899 የታተመው «ሜፕል ሊፍ ራግ» ያንን ሙዚቃ ከሚዙሪ መሸታ ቤቶች አውጥቶ ፒያኖ ባለበት ቤት ሁሉ ያስገባ ሥራ ነው። ጆፕሊን ራሱ ግን በ1917 ሲሞት መቃብሩ ላይ ስሙን የሚናገር ድንጋይ እንኳ አልቆመለትም፤ ድንጋዩ የቆመው በ1974 ነው። ይህን ታሪክ ብዙዎች ጽፈውታል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት ተጫዋች ነው፤ ራግታይም ተረስቶ፣ የደረሱት ሰዎች አብዛኞቹ አልፈው፣ ሙዚቃው የሌላ ዘመን ነገር ሆኖ ከተቀመጠበት አንስታ፣ ባሕር ማዶ፣ በሌላ አገር ሕዝብ ጆሮ ውስጥ ስላስገባችው ሴት።

የእሷን ሕይወት ሳስብ የሚያብሰለስለኝ ነገር አለ። ሰው ለአንድ ነገር ዕድሜውን ሰጥቶ ተምሮ ዓለም በሌላ ነገር ሲወደው፣ ተሳካለት ነው የሚባለው ወይስ ቀረበት? ስለ አትዌል የሚጽፉ አንዳንድ ሰዎች በሐዘኔታ ነው የሚጽፉት። ትልልቅ የኮንሰርት አዳራሾችን ተመኝታ በመጠጥ ቤት ዜማ ቀረች ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ የማልስማማበትን ምክንያት ለማስረዳት ግን ከትሪኒዳድ መነሳት አለብኝ።

የተወለደችው በ1910ዎቹ፣ ቱናፑና በምትባል ከተማ ነው። ወላጆቿ ፋርማሲ ነበራቸው። እሷም በፋርማሲ ሙያ ሠልጥና የቤተሰቡን ሥራ ትቀጥላለች ተብሎ ነበር የሚጠበቀው፤ ሠለጠነችም። ፒያኖው ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት ነበር፤ ገና በልጅነቷ የክላሲካል ደራሲውን የሾፓንን ሥራዎች ትጫወት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፒያርኮ ላይ፣ ዛሬ የትሪኒዳድ ዋናው አውሮፕላን ማረፊያ ባለበት ስፍራ፣ የአሜሪካ ወታደሮች ሰፍረው ነበርና እየሄደች ትጫወትላቸው ጀመር። ከሰዎቹ አንዱ ቡጊ ዉጊ የሚባለውን፣ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የገነነውን አጨዋወት አትችይውም ብሎ ተወራረዳት። ቤቷ ሄዳ «ፒያርኮ ቡጊ» የተባለ የራሷን ዜማ ሠርታ ተመለሰች። ያ ዜማ ኋላ «ፋይቭ ፊንገር ቡጊ» ተብሎ በሸክላ ወጥቷል።

ይህን ታሪክ የምወደው ጠባይዋን ከሥር ስለሚያሳይ ነው። አትችይውም ሲሏት አልተከራከረችም፤ ያን ዓይነት ሙዚቃ እኔን አይመጥነኝም ብላም ፊቷን አላዞረችም። ሄዳ ተማረችው። በሾፓን የሠለጠኑ ጣቶች የወታደር ሰፈር ሙዚቃን በቁም ነገር ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቷ በሙሉ ከዚህ የሚቀዳ ይመስለኛል።

ከትሪኒዳድ ወጥታ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ሄደች፤ ከፒያኒስቱ አሌክሳንደር ቦሮቭስኪ ዘንድ ተማረች። በ1946 ለንደን ገባች፤ ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚውዚክ ውስጥ ኮንሰርት ፒያኒስት ለመሆን ማጥናት ጀመረች። በሙዚቀኝነት ብቃት አካዳሚው የሚሰጠውን ከፍተኛውን ደረጃ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ፒያኒስት እሷ ናት። ለትምህርቱና ለቀለቡ የሚሆነውን ገንዘብ ግን የምታገኘው ማታ ማታ በለንደን ክለቦችና ቲያትር ቤቶች ራግ እየተጫወተች ነበር። ቀን ቤትሆቨን፣ ማታ ራግታይም። ጦርነቱ ካበቃ ገና ዓመቱ ነው፤ ከተማው በቦምብ ፈርሷል፣ ምግብ በራሽን ነው። ያንን ዘመን ስታስታውስ በረሃብ ነበር የተማርኩት ትል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በእነዚያው ዓመታት ለንደን ሄደው ሙዚቃ ለመማር ተስፋ ያደረጉ ሌላ ወጣት ፒያኒስት ነበሩ፤ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ። ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ቫዮሊን ጀምረው፣ ካይሮ ላይ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተምረው፣ የለንደኑ በር ሊከፈትላቸው ሲል ፈቃድ ተከለከሉ። ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ወደ ግሸን ማርያም ሆነ፤ መነኮሱ፤ በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር። የሁለቱ ሙዚቃ አይመሳሰልም፤ ላመሳስለውም አልፈልግም። የእማሆይ ፒያኖ ብቻውን ይጸልያል፤ የአትዌል ደግሞ ሰው ይጠራል። ነገር ግን ሁለት ጥቁር ሴቶች፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ መሣሪያ ፊት ተቀምጠው ወደ አንድ ከተማ ሲያዩ፣ አንዷ አልፋ ሌላዋ መቅረታቸው ያሳስበኛል። የአትዌልን ሸክላ ሳዳምጥ ለንደን ያልደረሱት የእማሆይ ዓመታት ትዝ ይሉኛል።

ወደ ለንደን ልመለስ። ሊው ሌቪሶን የሚባል የቀድሞ የመድረክ ኮሜዲያን አገባች፤ ሰውየው የመድረክ ሥራ ትቶ የእሷ ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም አብሯት ኖረ። አንድ ምሽት ልትቀርብ የነበረች ሌላ አርቲስት ታማ በእሷ ምትክ መድረክ ላይ ወጣች፤ ሕዝቡ ደጋግሞ እያስጠራ አላስወርድ አላት። ትልቁ የመድረክ ዝግጅት አቅራቢ በርናርድ ዴልፎንት አስፈረማት። በ1951 ደግሞ ዴካ ሸክላ ኩባንያ ውል ሰጣት።

ከዴካ ጋር ካወጣቻቸው ከመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች አንዱ «ክሮስ ሃንድስ ቡጊ» ነበር። እጅ በእጅ ላይ እየተሻገረ የሚጫወቱት፣ ችሎታዋን ለማሳየት ተብሎ የተመረጠ ከባድ ሥራ ነው። የሸክላው ጀርባ ባዶ አይቀርምና ጀርባው ላይ አንድ አሮጌ ራግ ተቀረጸ፤ ጆርጅ ቦትስፎርድ የተባለ አሜሪካዊ በ1908 ያሳተመው «ብላክ ኤንድ ኋይት ራግ»። እሱን ለመጫወት የተቀመጠችው ያንን የ50 ሽልንግ ፒያኖ የመሰለ ድምፅ ባለው ፒያኖ ላይ ነው። ሕዝቡ የፊቱን ትቶ ሸክላውን ገለበጠው።

ለምን? ይህን ደጋግሜ ለራሴ ጠይቄዋለሁ፤ መልሱ ያለው በግራ እጇ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ራግታይም ሲጫወቱ ግራ እጅ ሥራው አንድ ነው፤ ታች ወርዶ ወፍራሙን ድምፅ ይመታል፣ ወዲያው ዘልሎ መሃል ላይ ያለውን ኮርድ፣ በአንድ ጊዜ የሚመቱ ድምፆችን፣ ይመታል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፤ ሳይቸኩል፣ ሳይዘገይ። ቀኝ እጅ ደግሞ ዜማውን ይዞ ምቱ ላይ ሳይሆን በምቱና በምቱ መካከል ይረግጣል። የሙዚቃው ጣዕም ያለው በዚህ አለመገጣጠም ውስጥ ነው። ግራው ትንሽ ከተንገዳገደ ቀኙ የሚሸሸው ነገር ያጣል፤ ሙዚቃው ዝም ብሎ ጫጫታ ይሆናል። የአትዌል ግራ እጅ አይንገዳገድም። በፍጥነት ትጫወተዋለች፣ በጣም በፍጥነት፤ ግን እያንዳንዱ ድምፅ ቦታው ላይ ነው፣ አንዱም ሌላውን አይውጠውም። ያ ንጽሕና መጠጥ ቤት ውስጥ የሚገኝ አይደለም። ከዓመታት ልምምድ የተገኘ ነው። ከቅኝት የወጣው ፒያኖ ደግሞ ያንን ንጽሕና ከግርማ ሞገስ አውርዶ ሰው አጠገብ አመጣው። ኮንሰርት ፒያኖ ላይ ብትጫወተው ኖሮ ሰዎች ያደንቁት ነበር፤ አብረውት ባልዘፈኑ ነበር።

ሐዘኔታቸው የማይዋጥልኝም ለዚህ ነው። ሮያል አካዳሚ የተማረችው ነገር የትም አልጠፋም፤ በየሸክላዋ ውስጥ ይሰማል። የሚያስደስት ሙዚቃ በቀላሉ የተሠራ ሙዚቃ ነው የሚል ግምት በብዙ አገር አለ፤ እኛም ዘንድ ለዘመናት አዝማሪን እያስጠሩ፣ በድግስ እየተደሰቱበት፣ ልጄን ለአዝማሪ አልድርም ሲባል ኖሯል። ደስታን የሚሠራ ሰው ሥራው ከባድ እንደሆነ ለማመን ለምን እንደምንቸገር አይገባኝም።

እሷ ግን ሁለቱን አልለያየቻቸውም። መድረክ ላይ ስትወጣ መጀመሪያ ትልቁ ግራንድ ፒያኖ ፊት ትቀመጥና የክላሲካል ሥራ ትጫወታለች። ከዚያ ትነሳለች፤ መድረኩን አቋርጣ ወደዚያ ወደ ተጎሳቆለው የቁም ፒያኖ ትሄዳለች። ሸክላዎቿም ላይ «ዊኒፍሬድ አትዌልና ሌላው ፒያኖዋ» እየተባለ ይታተም ነበር። ሕዝቡ የሚጠብቀው ሁለተኛውን እንደሆነ ታውቃለች፤ የመጀመሪያውን ግን አላስቀረችም። በ1954 ከለንደን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር የግሪግን የፒያኖ ኮንቸርቶ በሸክላ አስቀረጸች፤ የገርሽዊንን «ራፕሶዲ ኢን ብሉ»ም ተጫውታለች። በ1952 አዲሲቱ ንግሥት ኤልሳቤጥ በተገኙበት የመድረክ ዝግጅት ላይ ስትጋበዝ ደግሞ ይዛ የሄደችው ራሷ የደረሰችውን «ብሪታኒያ ራግ» ነበር። ንግሥት ፊት ክላሲካል ይዛ መቅረብ ለእሷ ከባድ አልነበረም፤ ራግ ይዛ መቅረቧን ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ 1954 መጨረሻ እንምጣ። በዚያ ዓመት ሐምሌ እንግሊዝ ውስጥ ከጦርነቱ መጀመሪያ አንሥቶ ለ14 ዓመታት የቆየው የምግብ ራሽን አበቃ። ሥጋ ያለ ኩፖን መግዛት ተቻለ። ቀጥሎ የመጣው ገና ብዙ ቤተሰብ ከልቡ የሚደግስበት የመጀመሪያው ገና ነበር። አትዌል በዚያ ሰሞን «ሌትስ ሃቭ አናዘር ፓርቲ» የተባለውን ሸክላ አወጣች። አያት፣ እናትና ልጅ ሁሉም የሚያውቋቸውን የድሮ የመጠጥ ቤትና የመድረክ ዘፈኖች አንዱን ከሌላው እያያያዘች፣ ትንፋሽ ሳትሰጥ የምትጫወትበት ነው። ግጥም የለውም፤ ግጥሙን የሚያውቀው ሰሚው ነው፤ እቤቱ ተቀምጦ ይዘፍነዋል። ሸክላው ታኅሣሥ ላይ የእንግሊዝን የሽያጭ ሰንጠረዥ በአንደኝነት መራ፤ አምስት ሳምንት ከላይ ቆየ። ሰንጠረዡ በ1952 ከተጀመረ ወዲህ አንደኛ የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር አርቲስት ዊኒፍሬድ አትዌል ናት። በ1956 «ዘ ፑር ፒፕል ኦፍ ፓሪስ» በተባለው ዜማ ደግማዋለች። በመሣሪያ ሙዚቃ ብቻዋን ያንን ቦታ የያዘች ሌላ ሴት ከእሷ በኋላ አልተገኘችም።

ያ አገር ምን ዓይነት አገር እንደነበር እናስታውስ። ኢምፓየር ዊንድረሽ የተባለችው መርከብ ከካሪቢያን የመጡትን ሠራተኞች ለንደን አጠገብ ካራገፈች ስድስት ዓመቷ ነው። እነዚያ ሰዎች የሚከራይ ክፍል ሲፈልጉ መስኮት ላይ ጥቁር አናስገባም የሚል ጽሑፍ ይጠብቃቸው ነበር። በ1958 ኖቲንግ ሂል ውስጥ ነጭ ወጣቶች በጥቁር ነዋሪዎች ላይ ተነሥተው ሰፈሩ ሲታመስ ሰንብቷል። በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ የገና ድግስ የሚደምቀው በአንዲት ትሪኒዳዳዊት ጣቶች ነበር። እጆቿ በ40,000 ፓውንድ ኢንሹራንስ ተገብቶላቸው ነበር፤ ውሉ ሳህን እንዳታጥብ ይከለክላት እንደነበር ይነገራል። በቴሌቪዥን የራሷ ዝግጅት ተሰጣት። እነዚህ ሁለት ነገሮች እንዴት አብረው እንደቆሙ ሳስበው እስካሁን ይከብደኛል። ሰው በመስኮት የሚከለክለውን በሬዲዮ ያስገባል።

አትዌል ይህን የማታውቅ ሰው አልነበረችም። በለንደን የጥቁር ሴት ፀጉር የሚያውቅ የፀጉር ቤት ማግኘት መከራ ነበርና በ1950ዎቹ አጋማሽ ብሪክስተን ውስጥ የራሷን ከፈተች። ብሪክስተን የካሪቢያን ሰዎች መንደር ነው። ያ የፀጉር ቤት በእንግሊዝ ለጥቁር ሴቶች ከተከፈቱት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ከሽልማቶቿና ከሰንጠረዦቿ ይልቅ ይህ ሥራዋ ልቤን ይነካዋል። በገንዘቧ ከአገሯ ልጆች መራቅ ትችል ነበር፤ መሃላቸው በር ከፈተች።

አሜሪካ ግን በሩን አልከፈተላትም። በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ልትቀርብ ታስቦ ነበር፤ ስትደርስ የእንግሊዝ አነጋገር ያላት ጥቁር ሴት በደቡብ ግዛቶች ተመልካች ዘንድ ተቀባይነት አታገኝም የሚል ችግር ተነሣ፤ ዝግጅቱ ሳይቀረጽ ቀረ። ይዛው የሄደችው እኮ የራሳቸው ሙዚቃ ነው! ሚዙሪ ውስጥ የባሪያ ልጆች የፈጠሩት፣ ጆፕሊን የጻፈው። ባሕር ተሻግሮ፣ በትሪኒዳድ ልጅ እጅ፣ ከለንደን ሲመለስላቸው አናይም አሉ።

የተቀበላት ሌላዋ አገር አውስትራሊያ ናት። በ1955 መጀመሪያ ለሥራ ሄደች፤ ሕዝቡ ወደዳት፤ እየተመላለሰች ቆይታ በ1970ዎቹ ሲድኒ ውስጥ ኖረች። አውስትራሊያ ነጭ ያልሆነን ሰው ላለማስፈር ሕግ አውጥታ ለአሥርት ዓመታት የኖረች አገር መሆኗን አትርሱ። አትዌል እዚያ እንግዳ ሆና ሳለ የአቦርጂን ሕዝብ የሚኖርበትን ጉስቁልና በአደባባይ ተናግራለች። ከአገሯም አልራቀችም፤ በ1969 ከትሪኒዳድ የብረት ከበሮ ኦርኬስትራ ጋር «አይቮሪ ኤንድ ስቲል» የተባለ አልበም ሠርታለች። ከነዳጅ በርሜል የተሠራ መሣሪያና ፒያኖ አንድ ላይ፤ ከሁለት ፒያኖዎቿ የተለየ ሦስተኛ መንገድ ነው።

በዚያው በ1969 ቢቢሲ «ፖት ብላክ» የተባለ የስኑከር፣ ጠረጴዛ ላይ ኳስ በዱላ እየተመታ የሚጫወቱት ጨዋታ፣ ዝግጅት ጀመረ። የቀለም ቴሌቪዥን አዲስ ነበርና ባለቀለሞቹን ኳሶች ለማሳየት የተመቸ ነበር። የመግቢያው ሙዚቃ የአትዌል «ብላክ ኤንድ ኋይት ራግ» ሆነ፤ እስከ 1980ዎቹ ቆየ። ስለዚህ አንድ ሙሉ ትውልድ ያንን ዜማ የስኑከር ዜማ ብሎ ነው የሚያውቀው። ስሟ ከዜማው ተለየ። ሙዚቃ ሲወደድ እንዲህ ያለ ዕጣ ይገጥመዋል ይላሉ፤ እኔ ግን ስሟ እንዲመለስላት እፈልጋለሁ። እንግሊዛዊው ዘፋኝና ፒያኒስት ኤልተን ጆን በልጅነቱ ከቀረጹት ፒያኒስቶች መካከል እሷን ይጠራታል። የራግታይም ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ይዘሏታል፤ ንጹሕ ራግታይም አይደለም፣ ለገበያ የተሠራ ነው፣ ፍጥነቱ በዝቷል ይላሉ። ጆፕሊን ራሱ ራግታይምን ፈጥኖ መጫወት ፈጽሞ ትክክል አይደለም ብሎ በሙዚቃ ጽሑፎቹ ላይ ያሳስብ እንደነበር አውቃለሁ፤ ስለዚህ ትችታቸው መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን ራግታይም ከመጀመሪያውም ሰው ሊጨፍርበት የተሠራ፣ በጥቂት ሳንቲም ኖታው እየተሸጠ የኖረ ሙዚቃ ነው። ሕዝብ መሃል የመለሰችውን ሴት ከታሪኩ ማውጣት ትክክል አይመስለኝም።

ባሏ በ1977 ሞተ፤ ልጅ አልነበራቸውም። በ1980 የአንጎሏ ደም ሥር ላይ በደረሰ አደጋ (ስትሮክ) ታመመች፤ በማግስቱ ዓመት በአውስትራሊያ ቴሌቪዥን ቀርባ ከመድረክ መሰናበቷን ተናገረች። በዚያ ዝግጅት ላይ የተጫወተችው «ቹ ቹ ሳምባ»ን፣ አስከትላም «ብላክ ኤንድ ኋይት ራግ»ንና «ትዌልፍዝ ስትሪት ራግ»ን ነበር። በ1983 መጀመሪያ ሲድኒ፣ ናራቢን በሚባል ሰፈር የነበረው ቤቷ በእሳት ተቃጠለ፤ ወዳጆቿ ቤት ተጠግታ ሳለች የካቲት 28 ቀን በልብ ሕመም አረፈች። የተቀበረችው ከባሏ አጠገብ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ሰሜናዊ ክፍል ነው።

ሙዚቃዋን ሰምታችሁ ለማታውቁ፣ እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ የግሪግን ኮንቸርቶ ስሙ፤ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ እንኳ። ቀጥሎ «ፋይቭ ፊንገር ቡጊ»ን ስሙ፤ ፒያርኮ ላይ የተወራረዳት ሰው ምን እንደሰማ ትረዳላችሁ። «ብላክ ኤንድ ኋይት ራግ» ሲደርስ ቀኝ እጇን ተዉት፤ እሱ ራሱ ይጠራችኋል። የግራውን ብቻ ተከተሉ።